ኮሽ ሲል ለሚነቃ ሰው፦ የጆሮ መድፈኛ ሲያስቸግር ምን ይደረግ?

እኔ ኮሽ ሲል የምነቃ ሰው ነኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌሊት ውሾቹ ይጀምራሉ። እነሱ ሲያበቁ ከላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ይጎትታል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይቀጥላል። የጆሮ መድፈኛ፣ ብዙ ሰው ኤርፕላግ የሚለውን፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም «አይሠራም» ብዬ ጥዬዋለሁ። አሁን ያለሱ አልተኛም። በመሃል የተማርኩትን ልንገራችሁ።

«አደረግኩት፣ ግን ሁሉም ነገር ይሰማኛል»

ከሁሉም የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ከስፖንጅ የተሠራው መድፈኛ ጆሮ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ማሸጊያው ላይ 30 ወይም 33 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል ተብሎ የሚጻፈው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በትክክል ገብቶ ሲለካ ነው። ግማሹ ውጭ ከቀረ የሚቀንሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። ስፖንጁን በጣቶቻችሁ መሃል እያሽከረከራችሁ እንደ ጧፍ እስኪቀጥን ጭመቁት። ለቀኝ ጆሮ ከሆነ ግራ እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አሳልፉና ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። የጆሮ ቦይ ጠመም ያለ ነው፤ ሲሳብ ቀና ይላል። ከዚያ ስፖንጁ ሳይነፋ ቶሎ አስገቡትና በጣት ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዙት። እኔ ሦስቱንም ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ እለቀዋለሁ፣ እሱም እየነፋ ተመልሶ ይወጣል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነፋ ትንሽ ቆየት በሉ።

መግባቱን ለማወቅ ሁለቱን ጆሮዎች በመዳፋችሁ ክደኑና ልቀቁ። ድምፁ ብዙም ካልተለወጠ ገብቷል። ከተለወጠ አውጡና ድገሙት።

ጥጥ የምትጠቀሙ ካላችሁ ተዉት። ጥጥ ድምፅ ያሳልፋል፣ ብጣሹም ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ማክስ ኔግቨር የተባለ ጀርመናዊ ፋርማሲስት በ1907 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ያቋቋመው የጆሮ መድፈኛ አምራች ኦሮፓክስ እንኳ ጥጡን ከሰምና ከቫዝሊን ጋር ነው የሚያዋህደው። ድምፁን የሚያቆመው ክፍተቱን የሚሞላው ሰም ነው።

«በደንብ ገብቷል፣ ግን የግሮሰሪው ሙዚቃ ዱም ዱም ይላል»

መድፈኛ ቀጭን ድምፅን፣ ማለትም ፉጨትን፣ ጩኸትን፣ የውሻን ጩኸት፣ ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል። ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ግን በግድግዳና በወለል አልፎ አልጋውን ራሱን ይነቀንቃል። እዚህ ላይ ሌላ መድፈኛ መግዛት ብዙም አይረዳም። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁት። እግሮቹ ስር ወፍራም ላስቲክ ወይም ምንጣፍ አድርጉ። ከቻላችሁ ቁም ሳጥኑን ድምፁ ወደሚመጣበት ግድግዳ አዙሩት። የቀረውን በሌላ ድምፅ መሸፈን ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

«በጎኔ ስተኛ ጆሮዬን ያመኛል»

ትራሱ መድፈኛውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ወይም ስፖንጁ ለጆሯችሁ ትልቅ ነው። የጆሮ ቦይ ከሰው ሰው ይለያያልና አነስ ያለ መጠን ፈልጉ። የውጭውን ጫፍ በመቀስ ትንሽ ማሳጠርም ይቻላል፤ ግን ለማውጣት የሚያዝ ነገር ይተርፍ። እንደ ሊጥ የሚለጠጠው ሲሊኮን ለጎን ተኚ የበለጠ ይመቻል። እሱ የጆሮውን ቀዳዳ ከላይ ይከድናል እንጂ ወደ ውስጥ አይገፋም።

እኔን ከሁሉ የረዳኝ ግን ነጠላ ነው። ጠቅልሉትና እንደ ማቶት ክብ አድርጋችሁ ትራሱ ላይ አስቀምጡት። ጆሯችሁ ክፍት ቦታው ላይ ይረፍ። ምንም አይጫነውም።

«ጆሮዬ ይደፈናል፣ ያሳክከኛል»

መድፈኛው በየቀኑ ኩኩን ወደ ውስጥ እየገፋ ሊያከማቸው ይችላል። ለጥቂት ሌሊቶች ጆሯችሁን አሳርፉ። እባካችሁ በክብሪት እንጨትም ሆነ በቁልፍ አትቆርቁሩት፤ ይበልጥ ይገፋዋል፣ ታምቡሩንም ሊጎዳ ይችላል። ካልተከፈተ የአንገት በላይ ሐኪም ያውጣው። ስፖንጅ ሲቆሽሽ ወይም ሲደርቅ ይጣላል። ጠዋት ስታወጡትም እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት።

ከጆሯችሁ ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ፣ ሕመም ካለ ወይም ታምቡራችሁ የተበሳ ከሆነ ሐኪም ሳያይ መድፈኛ አታድርጉ።

«ጆሮዬ ውስጥ ምንም ነገር አልወድም»

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ለምን ጥሩ እንቅልፍ ይወስደናል? ያ ሁሉ ጩኸት እያለ! ምክንያቱ የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። የሚቀሰቅሰን ብዙ ጊዜ ከዝምታ ውስጥ ድንገት የሚወጣ ድምፅ ነው። ዝናቡ ያንን ይውጠዋል። ቬንቲሌተር ወይም ከስልክ የሚከፈት የዝናብ ድምፅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የውጭውን ድምፅ እስኪሸፍን ብቻ ክፈቱት፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ ኢርፎን ሰክታችሁ አትተኙ። በር ስር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ አሮጌ ብርድ ልብስ መዝጋትም ቀላል ነው፣ ለውጡ ግን ይሰማል።

መድፈኛ አድርገው ጆሯቸው «ጭው» የሚልባቸውም ይህንኑ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሞክሩ። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነና ካልተወ ግን መታየት አለበት።

«ሕፃኑ ቢያለቅስስ? አላርሙስ?»

ለአላርም እጅ ላይ የሚነዝር ሰዓት ጥሩ ነው። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ግን ሁለቱንም ጆሮ አይድፈን። እህቴና ባሏ ልጃቸው ሌሊት መነሳት እስኪተው ድረስ ተራ ገብተው ነበር። አንድ ሌሊት እሷ ትደፍናለች፣ በማግስቱ እሱ።