ላስቲኩን አውጡልኝ፦ አሮጌ መኪና ለራሊ ስታዘጋጁ እግሩ ላይ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ራሊ ያማረው ልጅ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሞተሩን ነው መጀመሪያ የሚያሳየኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሞላውን ነው የማየው። ብዙ ጊዜ በጥምዙ መሀል ጥቁር ላስቲክ ተወትፎ አገኘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ የሚነግረኝን በደንብ አልሰማውም።

የምጽፈው አራቱም ጎማ ለሚጎትት አሮጌ መኪና ነው። የ1990ዎቹ የሱባሩ ኢምፕሬዛ፣ ሌጋሲ፣ ፎረስተር፣ የመጀመሪያው የቶዮታ ራቭፎር፣ እነሱን የመሳሰሉ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ባሌስትራ ያለው ፒክአፕ የያዛችሁ ሌላ ቀን እንገናኝ።

ላስቲክና ስፔሰር

ታክሲ ላስቲክ ሲወተፍለት ይገባኛል። ሰው ይጭናል፣ ሞላው ደክሟል፣ አዲስ መግዣ የለም። ራሊ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጆቹ የሚያስቡት እንዲህ ነው፦ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ መኪናው ከፍ ይበል፣ ከፍ ካለ ሆዱ አይነካም፣ ከጠጠረ ደግሞ ኩርባ ላይ አይተኛም። ስለዚህ ሞላው ውስጥ ላስቲክ፣ ከሾኩ ራስ በላይ ደግሞ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ወፍራም ብረት፣ ስፔሰር የሚሉት። መኪናው ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጓደኛ ያደንቃል።

ሁለቱ ነገሮች የሚያመጡት ጣጣ የተለያየ ነው፣ አትቀላቅሏቸው።

ላስቲኩ የተወሰኑ ጥምዞችን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። የቀሩት ጥምዞች ብቻ ስለሚሠሩ ሞላው ይጠጥራል፣ መኪናውም ይነሳል። ሾኩ ግን ያው የድሮው ነው፣ አልረዘመም። መኪናው በተነሳ ቁጥር የሾኩ ዘንግ እየወጣ ይሄድና ቆሞ እያለ ራሱ መጨረሻው ጋ ይደርሳል። እንግዲህ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ በምን ይውረድ? ጉብታ ላይ መኪናው ሲነሳ በምን መሬት ይከተል? አይከተልም። አየር ላይ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ ጎማ መኪናውን አያዞርም፣ ፍሬን አይዝም፣ አይጎትትም። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ገዝታችሁ በሁለት ተኩል ጎማ ትነዳላችሁ ማለት ነው። ላስቲኩ አጠገብ ያለው ጥምዝ ደግሞ ጫናውን ሁሉ ስለሚቀበል አንድ ቀን ቀጭ ይላል።

ስፔሰሩ ሾኩን ከነሞላው ወደ ታች ነው የሚገፋው። የሾኩ ጉዞ አይቀንስም፣ ግን ጎማው በወረደ ልክ ጉልበቱን ለጎማው የሚያደርሰው ሲቪ ጆይንትና ጎማውን ከስር የሚይዘው ቦል ጆይንት ከሚችሉት በላይ ይታጠፋሉ። ጎማው ተንጠልጥሎ እግራችሁ ነዳጅ ላይ ሲሆን የሲቪው ላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ አቧራው ከግራሶው ጋር ይቦካል፣ ከዚያ ኩርባ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። በስሱ ስፔሰር የሚኖሩ መኪኖች አሉ። ወፍራሙን ነው የምጠላው።

አንድ የደሴ ልጅ ኢምፕሬዛውን ኮምቦልቻ ድረስ ይዞት ወረደ። «ጋሼ፣ ፊቱ ይንኳኳል፣ ሞተር ማውንት ይመስለኛል» አለኝ። «ተወው ሞተር ማውንቱን፣ ክሪክ ስጠኝ» አልኩት። አነሳነው። ጎማው መሬት እስኪለቅ የወረደው ሁለት ጣት አይሞላም። ሾኩን አወጣነው። ዘንጉ የሚወጣበት አፍ ላይ ዘይቱ አፈትልኮ ከአቧራ ጋር ተጋግሯል፣ በጥፍር ስፍቀው እንደ ቅርፊት ይነሳል። ዘንጉን ስስበው ምንም ሳይከብደኝ ሸርተት ብሎ ወጣና መጨረሻው ላይ ቋ አለ። እንደገና ገፍቼ ሳብኩት፣ ቋ! ልጁ ገባው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ቀጥሎ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ላስቲኩ ግን አዲስ ነው እኮ ጋሼ!» ወላሂ መልስ አጣሁ።

ምንም ነገር ከመቁረጣችሁም ከመወተፋችሁም በፊት ለኩ። ግማሽ ታንክ ነዳጅ ይኑረው፣ ትርፍ ጎማው ቦታው ይሁን፣ ሹፌሩም መንገድ አንባቢውም ይቀመጡበት። ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩና ጻፉ። ከዚያ ቦዲውን በክሪክ አንስታችሁ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ደግማችሁ ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ወደ ታች ያላችሁ ጉዞ ነው። አሁን ሞላውን አውጥታችሁ፣ ሾኩን ብቻውን መልሳችሁ፣ ጎማውን በክሪክ ወደ ላይ እስከ መጨረሻው ግፉት። ይሄ ሦስተኛው ልኬት ነው፣ ከሁለተኛው ጋር ያለው ልዩነት ጠቅላላው ጉዞ ነው። ለፒስታ ከሆነ ከጠቅላላው ጉዞ ቢያንስ ሲሶው ወደ ታች መሆን አለበት። ካልሆነ ወይ መኪናውን ዝቅ አድርጉ፣ ወይ ረጅም ሾክ ከሚስማማው ሞላ ጋር ፈልጉ። በላስቲክ የሚመጣ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ጠጣር መኪና የአስፋልት ነው። ኢምፕሬዛ ለኮርሲካ አስፋልት ሲዘጋጅ መሬት ሊልስ ምንም አይቀረውም ነበር። ለኬንያው ሳፋሪ ራሊ ሲዘጋጅ ደግሞ ከፍ ያለ ነበር፣ ግን ከፍታው ከረጅም ጉዞ ጋር ነው የመጣው። ስኮትላንዳዊው የራሊ ሹፌር ኮሊን ማክሬ በ1997 ሳፋሪን ያሸነፈው በዚያ ዓይነቱ ኢምፕሬዛ ነው። እዚህ አካባቢ ያለው መሬት ለየትኛው እንደሚቀርብ መቼም አልነግራችሁም።

ሞላ ቀይሮ ሾኩን መርሳት

ሞላ መኪናውን ይሸከማል። ሾክ ደግሞ ሞላው እንዳይዘል ይይዘዋል። ጠጣር ሞላ ገዝታችሁ ሃያ ዓመት ባገለገለ ሾክ ላይ ካሰራችሁ የገዛችሁት መዝለል ነው። ሾክ ስትሞክሩ ደግሞ ፓራውልቱን ተጭኖ መልቀቅ የሚባለውን ነገር ብዙ አትመኑት። ፈጽሞ የሞተውን ይነግራችኋል እንጂ ግማሽ የሞተውን አይነግራችሁም።

የሚሻለው እጃችሁ ነው። ሽንሽን ያለ ፒስታ ላይ ትንሽ ፈጠን ብላችሁ ቆዩ፣ አቁሙ፣ ወዲያው የአራቱንም ሾክ ገላ በጥንቃቄ ነካ ነካ አድርጉ። የሚሠራ ሾክ ይሞቃል፣ ምክንያቱም የጎማውን መንቀጥቀጥ በዘይቱ በኩል ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ የቀዘቀዘው ጤነኛ እንዳይመስላችሁ። እሱ ነው የሞተው። አራቱም እጅ የማያስነኩ ሆነው፣ መኪናው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሆኖ ኋላ ላይ መዋኘት ከጀመረ ደግሞ ዘይቱ አረፋ እየሠራ ነው። ለዚያ መድኃኒቱ በጋዝ ግፊት የሚሠራ ሾክ ነው፣ ጠጣር ሞላ አይደለም።

አራት የተለያየ ጎማ

ይሄን አጭር አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘብ እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም አራቱም ጎማ አንድ ልክ፣ አንድ ዓይነት፣ የተበሉትም በተቀራረበ መጠን ይሁን። ፊት አዲስ ኋላ የተበላ ከሆነ የፊቱና የኋላው ዙር ይለያያል፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሀል ዲፈረንሻልም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ሲታገል ይውላል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ሜትር በጎማው ዙሪያ ጠምጥማችሁ ለኩ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊሜትር ካለፈ አይሆንም። ትርፍ ጎማውንም ለኩት፣ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ደሴ ላይ ሞልታችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ የአየሩ ክብደት ስለሚጨምር ብቻ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያሳያችኋል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ያነሳዋል፣ ለ10 ዲግሪ ልዩነት ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ። ጠዋት በደሴ ብርድ ጎሚስታው ጋ የተሞላውን ይዛችሁ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ «ዛሬ መኪናው ተለወጠብኝ» አትበሉኝ። የምትነዱበት ቦታ ላይ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ።

ከፍታ ቀይሮ አላይመንት አለማሠራት

መኪናውን ሦስት ሳንቲም ካነሳችሁት ወይም ካወረዳችሁት የጎማው አቀማመጥ ሁሉ ተቀይሯል። ማሽን ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ሲባጎ ይበቃል። ደልዳላ ወለል ላይ መኪናውን አቁሙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፣ በግራና በቀኝ በቸርኬው መሀል ቁመት ሲባጎ ወጥሩ። የፊትና የኋላ ጎማ እርቀት ብዙ ጊዜ እኩል ስላልሆነ ሲባጎውን ከጎማው ሳይሆን ቸርኬው ከሚታሰርበት ከሞዞው መሀል እየለካችሁ አስተካክሉት። ከዚያ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የኋላ ጠርዝ። ልዩነቱ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚያይ ይነግራችኋል።

ለፒስታ ፊቱን ዜሮ ወይም ፀጉር ታህል ወደ ውጭ፣ ኋላውን ዜሮ ወይም ትንሽ ወደ ውስጥ። ኋላው ወደ ውጭ ካየ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ቂጡ ሊቀድማችሁ ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ማንም ሁለት ጊዜ ማየት አይፈልግም። የጎማው ራስ ወደ ውስጥ መጋደሉ ለፒስታ ግማሽ ወይም አንድ ዲግሪ በቂ ነው። ሦስት ዲግሪ የምታዩት የአስፋልት መኪና ላይ ነው። ሱባሩ ላይ ይሄን የምታስተካክሉት ሾኩን ከሞዞው ጋር ከሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች በላይኛው ነው። ገላው ላይ ወጣ ያለ ነገር አለው፣ ስታዞሩት ጎማው ይጋደላል። አንዳንዱ መካኒክ ጠፋ ብሎ ተራ ቡሎን ይተካበታል። እዩት።

ቡሽ በክሪክ ላይ ማጥበቅ

በእግሩ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ አዲስ የላስቲክ ቡሽ አስገብታችሁ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ዳዶውን ካጠበቃችሁ፣ መኪናው ሲወርድ ቡሹ ተጠማዞ ይቀራል። በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ሰውየው ደግሞ ዕቃው ቻይና ነው ብሎ ሻጩን ይራገማል። ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ መኪናውን መሬት አውርዱ፣ ከዚያ አጥብቁ። አለቀ።

የሆድ ብረት

ድንጋይ ሞተሩን እንዳይነካ ከስር ብረት ማሰር ግድ ነው። ግን 6 ሚሊሜትር ብረት በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ይመዝናል፣ ያው ውፍረት ያለው አሉሚኒየም 16 ኪሎ። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ «ወፍራም አድርግልኝ» ስትሉ ይሄን አስቡት። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ዱሮውንም አፍንጫው የከበደ መኪና ፊት ላይ ነው። ካሰራችሁ በኋላ የለካችሁትን በሙሉ እንደገና ለኩ፣ የድሮው ቁጥር አይሠራም።

ሐረጎ ላይ መሞከር

ኧረ በአላህ፣ በማርያም፣ በምታምኑት! የጭነት መኪና ቁልቁል ፍሬኑን እያሸተተ በሚወርድበት፣ ሚኒባስ ኩርባ ላይ በሚደርብበት፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ባለው የሐረጎ መንገድ ሾክ አይሞከርም። ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ባዶ መሬት ፈልጉ፣ ለቀበሌው ንገሩ፣ እረኛና ከብት አለመኖሩን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ ሄልሜት አድርጉ። ሐረጎን ለመዝናናት ውረዱት።

የቀሩትን በአጭሩ

ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋውን የማረጋጊያ ብረት በወፍራም አትቀይሩ። ግራና ቀኙን ስለሚያስተሳስር የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሳል፣ ጉልበቱም በተነሳው ጎማ በኩል ይባክናል። ፒስታ ላይ ቀጭኑ ይሻላል።

ሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን መጨረሻ ላስቲክ «ጉዞ ልጨምር» ብላችሁ አትቁረጡት። እሱ ከሌለ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ቀጥሎ የሚሰነጠቀው ሾኩ የታሰረበት ቦዲ ነው።

ሞላ በእሳት አሙቆ ማስተኛት የሚባለውን አታሳዩኝ።

በአንድ ቀን ሞላም ሾክም ጎማም አላይመንትም አትቀይሩ። መኪናው ቢሻሻል በምን እንደተሻሻለ፣ ቢበላሽ በምን እንደተበላሸ አታውቁም። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ያችኑ መንገድ ንዱ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ስልክ ላይ የጻፈ ሁሉ ስልኩ ሲሰረቅ ከዜሮ ይጀምራል።

ያጠበቃችሁትን እያንዳንዱን ዳዶ በጥፍር ቀለም አስምሩበት፣ መስመሩ ከዳዶው አልፎ ቡሎኑንም ይንካ። ከመንዳት በኋላ ከስር ገብታችሁ ስታዩ መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ላልቷል። አዲስ ሞላ ካስገባችሁ ደግሞ ትንሽ ስለሚተኛ፣ ለጥቂት ቀን ከነዳችሁት በኋላ ሜትሩን ይዛችሁ ከቸርኬ መሀል እስከ ፓራፋንጎ እንደገና ለኩ፣ አላይመንቱንም ከዚያ በኋላ አሠሩ እንጂ ከዚያ በፊት ገንዘባችሁን አታውጡ።