ባክአፑ በትክክል መሥራቱን እንዴት እናረጋግጣለን?

ባክአፕ (የፋይሎቻችን መጠባበቂያ ቅጂ) ስንወስድ ኮፒው አልቆ መስኮቱ ሲዘጋ ብዙዎቻችን ሃርድ ዲስኩን ነቅለን ወደ መሳቢያ እንከታለን። ፋይሎቹ በትክክል መገልበጣቸውን ግን አላየንም። ለማየት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር፣ ሰቨን ዚፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራምና ትንሽ ትዕግስት ይበቃሉ።

ትልልቆቹም በዚህ ጉድ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትላብ ዋና ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) በስህተት ተሰረዘ። ባክአፑን ሊያመጡ ቢሄዱ ቦታው ባዶ ነበር። ባክአፑ ሲከሽፍ ሲስተሙ የሚልከው ኢሜይልም አልደረሳቸውም። የተረፉት 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ በተወሰደ ሌላ ቅጂ ነው።

መጀመሪያ ኦሪጅናሉንም ባክአፑንም በራይት ክሊክ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ የፋይሉን ብዛትና መጠን አስተያዩ። መታየት ያለበት "ሳይዝ" የሚለው ነው፤ "ሳይዝ ኦን ዲስክ" የሚለው ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። ባክአፑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ካሳየ ኮፒ ያደረጋችሁት ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሾርትከት (ፋይሉን ሳይሆን ወደ ፋይሉ የሚወስደውን ምልክት) ሊሆን ይችላል። ቢሮ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው።

ቀጥሎ ዲስኩን በኢጀክት አስወጡ፣ ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ዊንዶውስ በቅርቡ የነካውን ፋይል ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ይዞ ይቆያል። ኮፒው እንዳለቀ ወዲያው ብትፈትሹ የሚነበበው ከራም ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ገና አልተነካም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኤስኤችኤ 256 የሚባል ስሌት አለ። ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣል። ሺህ ገጽ ሰነድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር መለያው ጨርሶ ሌላ ይሆናል። በኦሪጅናሉም በባክአፑም ፎልደር ላይ ተራ በተራ ራይት ክሊክ፣ ሰቨን ዚፕ ወይም ሲአርሲ ኤስኤችኤ፣ ከዚያ ኤስኤችኤ 256። ዊንዶውስ 11 ላይ ካልታያችሁ "ሾው ሞር ኦፕሽንስ" ውስጥ ፈልጉት። ለፎልደር ሁለት መለያ ይወጣል፤ አንዱ የመረጃው፣ ሌላው የመረጃውና የስሞቹ። የመጀመሪያውን ያዙና የሁለቱን ፎልደሮች አስተያዩ። የባክአፑን ፎልደር ስም ቀይራችሁ ከሆነ ሁለተኛው ባይገጥም አትደንግጡ።

ሁሉንም ፊደል በዓይን ማስተያየት አድካሚ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ስድስት ስድስት አይቼ እተወዋለሁ፤ በአጋጣሚ ለተበላሸ ፋይል ይበቃል። ካልገጠመ በየንዑስ ፎልደሩ እየገባችሁ ድገሙት። አንዳንዴ ጥፋተኛው ዊንዶውስ ራሱ የፈጠረው የተደበቀ ፋይል ነው። ጊዜ እንደሚወስድም እወቁ። በዩኤስቢ 2 ገመድ 500 ጊጋባይት ማንበብ 4 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ መብራት ይሄዳልና ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩት።

በርካሽ የሚሸጡትን "2 ቴራባይት" ፍላሾች የሚያጋልጠውም ይኸው ፍተሻ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ 32 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለዊንዶውስ ግን 2 ቴራ ነኝ ብሎ ይዋሻል። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ ትክክል ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። አዲስ ፍላሽ ከሆነ ምንም ሳትጭኑበት ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልታችሁ አስነብቡት። በበኩሌ ፍላሽን ለባክአፕ አልመክርም።

መለያው ገጠመ ማለት ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ብቻ ነው። ኦሪጅናሉ ተበላሽቶ ከነበረ ብልሽቱም አብሮ ተገልብጧል። ስለዚህ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል አንሥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። ቪዲዮ ከሆነ ወደ መጨረሻው ሂዱ፤ መጀመሪያው ብቻ የሚሠራ ብዙ ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ፎንቱንም አብራችሁ ባክአፕ አድርጉ።

ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የምትሠሩ ደግሞ ሪስቶር ስታደርጉ (ከባክአፑ ስትመልሱ) "ኒው ካምፓኒ" የሚለውን ምረጡ። በነባሩ ካምፓኒ ላይ ከመለሳችሁት ከባክአፑ ወዲህ የመዘገባችሁት ሁሉ ይጠፋል። ለመሞከር ተብሎ የሳምንት ሥራ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ቅዳሜን ከደረሰኝ ክምር ጋር ዋለች።

በመጨረሻ መለያውን ከነቀኑ ኖትፓድ ላይ ጻፉና ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ አስቀምጡት። ዲስኩ ላይ ብቻ ከተዋችሁት አብሮ ይጠፋል። በየስድስት ወሩ ዲስኩን አውጥታችሁ መለያውን እንደገና አስወጡ። ማንም ሳይነካው መለያው ተለውጦ ካገኛችሁት በዚያ ዲስክ አትከራከሩ። ሌላ ግዙና ከኦሪጅናሉ እንደ አዲስ ገልብጡ።