ኒዥንስኪን በፔትሩሽካ ሚና እንዴት መሳል ይቻላል?

የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሩሲያ ባሌት ዳንሰኞችን መሳል የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአና ፓቭሎቫ ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ረጅም አንገት፣ ሁሉም ነገር ያምራል። እኔ ግን ከወንዱ ዳንሰኛ ከኒዥንስኪ ጀምሩ እላለሁ፤ ያውም «ፔትሩሽካ» በተባለው ባሌት ከተጫወተው ከፔትሩሽካው። ፓቭሎቫ ላይ ውበቱ የአሳሳል ጉድለትን ይሸፍናል። ፔትሩሽካ ላይ መደበቂያ የለም።

ታሪኩን ሳታውቁ እርሳስ አታንሱ። ፔትሩሽካ የገበያ ላይ አሻንጉሊት ነው፤ ግን እንደ ሰው ይሰማዋል። ባለሪና የምትባለውን አሻንጉሊት ይወዳታል፣ እሷ ደግሞ ልቧ ሙር ወደሚባለው አሻንጉሊት ነው። መጨረሻ ላይ ሙሩ በጎራዴ ይገድለዋል። ሙዚቃው የስትራቪንስኪ፣ ውዝዋዜው የፎኪን፣ መድረኩና አልባሳቱ የቤኑዋ ሲሆን ፓሪስ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ፔትሩሽካን ኒዥንስኪ፣ ባለሪናዋን ካርሳቪና ተጫወቱ።

የዘመኑን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ወረቀት ላይ አትሙት። ስልክ ላይ ካያችሁት እጃችሁ ሳይታወቃችሁ ፊቱን እያጎላ ይውላል፣ እዚህ ስዕል ላይ ደግሞ ፊት የሚመጣው ኋላ ነው። መስኮት ላይ ለጥፎ መገልበጡንም አልመክርም። መስመሩን ታገኛላችሁ፣ ክብደቱን ግን አታገኙም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አቋሙ።

ክላሲክ ባሌት እግርን ከዳሌ ጀምሮ ወደ ውጭ ይከፍታል። ፎኪን ለሙሩ ይህንኑ ሰጠው፤ ሙሩ በራሱ የሚተማመን፣ ደረቱን የነፋ ነው። ፔትሩሽካን ግን ወደ ውስጥ አዞረው። ጉልበቱ ከጉልበቱ፣ የጫማው ጫፍ ከጫማው ጫፍ ይተያያል። ስለዚህ ስትስሉ መጀመሪያ የዳሌውን መስመር አስቀምጡ፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ መጨረሻ ላይ ጫማውን። ጫማውን ብቻ ካዞራችሁት እግሩ የተጎዳ ሰው ነው የምትስሉት፤ ሐዘኑ ይጠፋል።

ከላይ ደግሞ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ክንዱ በራሱ ኃይል የተያዘ መምሰል የለበትም፤ ገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ሸሚዝ እጅጌ ከትከሻው ይንጠልጠል። ጣቶች አትሳሉ፣ ምክንያቱም ያጠለቀው ጥቁር ጓንት አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚያስገባ ነው። እጅ እያለው ምንም መያዝ የማይችል ፍጡር፤ ለእኔ የገጸ ባሕሪው ልብ እዚህ ጋ ነው። ካልገባችሁ መስታወት ፊት ቁሙና እግራችሁን ወደ ውስጥ አዙሩ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ወዲያው ይሰማችኋል። ስሜቱ ሳይለቃችሁ ሳሉ።

ፊቱ ነጭ ነው፣ ቅንድቡ ያዘነ። በቃ፣ አታብዙበት።

ለቀለም የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የጆርጅ ባርቢየርን ስዕሎች እዩ። በ1913 የኒዥንስኪን ውዝዋዜዎች የያዘ አልበም አውጥቷል። ቀጭን የቀለም መስመር፣ ውስጡ ጥላ የሌለው ወጥ ቀለም። በዘመኑ ፓሪስ እንዲህ ያለው ሥራ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ በተቆረጠ የብረት ሉህ በእጅ ይቀባ ነበር። ቤት ውስጥ በብረቱ ፋንታ አሮጌ የራጅ ፊልም ከማንኛውም ውድ ፕላስቲክ ይሻላል፤ ምላጭ በደንብ ይቆርጠዋል፣ ከስሩም ስዕሉ ይታያል።

ጓሽ የሚባለውን በውኃ የሚበጠበጥ ድፍን ቀለም ተጠቀሙ፣ ወፍራም አድርጉት። ብሩሹን ጨርቅ ላይ አድርቁና ከላይ ወደ ታች ነካ ነካ አድርጉ። ከጎን ከጎተታችሁት ቀለሙ ፊልሙ ስር ሾልኮ ጠርዙን ያበላሻል። መጀመሪያ ፈዛዛ ቀለሞች፣ ከዚያ የሱሪው ካሬዎች። የጓንቱ ጥቁር መጨረሻ ይግባ፤ ሌላው ሁሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ አለዚያ ነጩን ሸሚዝ ያቆሽሸዋል።