የታንኳ ቀዛፊው ፊት ለምን ይጠቁርብኝ ነበር?

ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር አበሳጨኝ። ውሃው ያምራል፣ ሰማዩ ያምራል፣ የቀዛፊው ፊት ግን ከሰል ይመስላል።

ካሜራዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። የማነሳው ሁሌ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ወደምትጠልቅበት ዞሬ ነው። የሚያብረቀርቀው ውሃ ካሜራውን ያታልለዋል። ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ፎቶውን በሙሉ ያጠቁረዋል።

መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በ1 ደረጃ ከፍ አደረግኩት። ፊቱ ወጣ፣ ሰማዩ ግን ነጭ አንሶላ ሆነ። አልጣመኝም።

የፈታልኝ ሰዓት መቀየር ነው። ባሕር ዳር ያለችው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ ፊታችንን ወደ ውሃው ስናዞር የጠዋት ፀሐይ በቀኝ በኩል ትመጣለች። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወረድኩ። ዓሣ ይዘው የተመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?»

«አንሳኝ፤ ግን ታሳየኛለህ።»

ብርሃኑ ጉንጫቸው ላይ ለስለስ ብሎ አርፏል። የግንባራቸው መስመር፣ የረጠበው የደንገል እስር፣ መረቡ ላይ የተጣበቀችው የዓሣ ቅርፊት ሳትቀር ወጣች። ሳሳያቸው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

በስልክ ለምታነሱ፦ የሰውየው ፊት ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ። በብዙ ስልኮች ፎከሱም ብርሃኑም እዚያው ይቆለፋል።

አመሻሹንም አልተውኩትም። አሁን ግን ሆን ብዬ የታንኳውንና የመቅዘፊያውን ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው የማነሳው።

የአባባን ፎቶ አሳጥቤዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እወስድላቸዋለሁ።