የኤግዞን 19 አንቲቦዲ ቀለም ሳይሰጥ ሲቀር

የሳንባ ካንሰር ናሙና በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ሲመረመር፣ የሕዋስን እድገት የሚያነሳሳው የኢጂኤፍአር ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) ጂን ክፍል በሆነው ኤግዞን 19 ላይ ዲሊሽን (የዲኤንኤ መጉደል) ይገኝበታል፤ ለዚሁ ዲሊሽን የተሠራው አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ግን ስላይዱ ላይ ምንም ቀለም አይሰጥም። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው አንቲቦዲው ነው። እኔ ደጋግሜ ያገኘሁት ምክንያት ግን ሌላ ነው። 6ቢ6 የተባለው ክሎን (የዚህ አንቲቦዲ ዓይነት) የሚይዘው፣ ከ746 እስከ 750 ያሉት አምስት አሚኖ አሲዶች ሲወጡ የቀሩት ጫፎች ተገናኝተው የሚፈጥሩትን መጋጠሚያ ነው። ይህ 15 ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ ፊደል) የሚያጎድል ዲሊሽን ከሁሉም የሚበዛው ቢሆንም፣ 9፣ 18 ወይም 24 የሚያጎድሉም ስላሉና የእነርሱ መጋጠሚያ ስለሚለይ፣ አንቲቦዲው ደብዘዝ ብሎ ይይዛቸዋል ወይም ጨርሶ ያልፋቸዋል።

አንድ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ባዶ ስላይድ ሲገጥመው የአንቲቦዲውን መጠን ደጋግሞ ጨመረ፤ በመጨረሻ ስላይዱ ቀለም ያዘ፣ ነገር ግን ጤነኛው ህብረ ሕዋስም አብሮ ቡናማ ሆነ። ናሙናው በሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤን ቅደም ተከተል በሚያነብ ምርመራ) ሲታይ የጎደለው 18 ኑክሊዮታይድ ነበር። መጠን በመጨመር የሚገኝ ቀለም ውጤት አይደለም፤ እባካችሁ አታድርጉት።

መፍትሔው የ15 ኑክሊዮታይዱን ዲሊሽን የያዙትን፣ ኤችሲሲ827 የተባሉ በላብራቶሪ የሚያድጉ የሳንባ ካንሰር ሕዋሶች እንደ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) በዚያው ዙር አብሮ መቀባት ነው። እነርሱ ደምቀው ናሙናው ባዶ ከሆነ አንቲቦዲውን ትታችሁ ወደ ሲኩዌንሲንግ ሂዱ። በዚህ አንቲቦዲ ባዶ የሆነን ስላይድ «ሚውቴሽን የለም» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ታካሚውን ከሚጠቅመው መድኃኒት ሊያስቀር ይችላል።

ኮንትሮሉም ከደበዘዘ ችግሩ ከዝግጅቱ ነው። አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ለመግለጥ ስላይዱን በፒኤች 6 ሲትሬት የምታፈሉ ከሆነ በፒኤች 9 ኢዲቲኤ ሞክሩ። ናሙናው በ10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየቱንም አጣሩ፤ ኮንትሮሉ ደምቆ ናሙናው ብቻ ቢደበዝዝም ይኸው ይጣራ። ከወራት በፊት ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ የከረመ ስላይድ አይታመንም። በጠንካራ አሲድ የለሰለሰ የአጥንት ናሙናም እንዲሁ።

ኤል858አር የተባለውን ሌላ የኢጂኤፍአር ሚውቴሽን የሚይዘው አንቲቦዲ፣ ማለትም 43ቢ2፣ በተቃራኒው ሁሉንም በስሱ የሚቀባ ከሆነ ኤ431 የተባሉ የካንሰር ሕዋሶችን ቀቡ። ጤነኛውን ሪሴፕተር እጅግ አብዝተው ስለሚይዙ፣ ሪሴፕተሩ ጨርሶ የሌለበት ኮንትሮል የሚደብቀውን ስህተት ያጋልጣሉ። እነርሱ ከቀለም እስኪጠሩ ድረስ አንቲቦዲውን አቅጥኑት፤ የአንቲቦዲው ሎት (የምርት ዙር) በተቀየረ ቁጥርም ይህንኑ ድገሙት።