ምስሉ ጥሩ፣ ድምፁ የለም፦ የተማሪ ፊልም ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል የሚዲያ ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። "ጋሼ፣ እባክህ ይህን አስተካክልልን" ይላሉ። ሐዋሳ ውስጥ ይህን መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ብዙዎቹን የሚያመጣቸው አንድ ችግር ነው፤ ድምፅ። እሱን በሰፊው አወራለሁ። መጀመሪያ ግን ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ባትሪ መሙላትና ሌንስ መጥረግ ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ምስሉ ይርገበገባል፣ ወይም ጥቁር መስመር ይንሸራተትበታል

የአገራችን መብራት 50 ሄርትዝ ነው። አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። ካሜራችሁ 30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) ላይ ሆኖ በ1/60 ሸተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ሲቀርፅ ከአምፖሉ ጋር አይገጥምም። 25 ፍሬም አድርጉት፣ ሸተሩን 1/50 ላይ ቆልፉት። እንዲህም ሆኖ ካልጠፋ ጥፋቱ የርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ነው። አጥፉትና መስኮቱ አጠገብ ቅረፁ።

ፊቱ ጠቆረ፣ ሐይቁ ነጣ

ሰውየው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቷል፤ ካሜራው የለካው የውሃውን ብርሃን ነው። ሰውየውን አዙሩት። ቦታው የግድ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ፊቱ ላይ ለክታችሁ ቆልፉት። ሙሉ በሙሉ የነጣ ሰማይ በኤዲቲንግ አይመለስም።

አንዱ ሾት ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ

ዋይት ባላንሱ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ ነው። በቢጫ አምፖል 3200 ኬልቪን፣ በቀን ብርሃን 5600 አድርጋችሁ አትንኩት።

ሁለት ሰዎች ያወራሉ፣ ሲቆረጥ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያያሉ

መስመሩን ተሻግራችኋል። በሁለቱ ሰዎች መካከል መስመር እንዳለ አስቡ፤ ካሜራው ከመስመሩ በአንዱ በኩል ብቻ ይቆማል። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ቀረጻው ካለፈ መሃል ላይ የእጅ ወይም የሲኒ ክሎዝ አፕ አስገቡ። ክሎዝ አፕ ካልቀረፃችሁ ግን ተመልሳችሁ ሂዱ።

ካርዱ ፋይሉን በላው

ይህ ያናድደኛል። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ የዚያን ሩብ እንኳ የማይዝ ካርድ ገበያ ላይ ሞልቷል። ሲሞላ ዝም ብሎ የቀደመውን ይደመስሳል። አዲስ ካርድ ስትገዙ ዳር እስከ ዳር በፋይል ሙሉት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ይህን ሳታደርጉ ሠርግም ሆነ የመመረቂያ ሥራ አትቅረፁበት።

አሁን ወደ ድምፁ።

ድምፁ ሩቅ ነው፣ ይጮኻል፣ ወይም ጭራሽ የለም

"ካሜራው ጥሩ ስላልሆነ ነው" ይሉኛል። አይደለም። ማይኩ ሩቅ ስለሆነ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዲሲቤል ይወርዳል። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ 3 ሜትር ርቆ ሲቀመጥ የሰውየውን ድምፅ ከባጃጁ፣ ከጄነሬተሩና ከጎረቤት ሙዚቃ ለይቶ የሚሰማበት አቅም የለውም። በተለይ አውቶ ላይ ከተዋችሁት ሰውየው ዝም ባለ ቁጥር መጠኑን ራሱ ከፍ ያደርጋል። ያኔ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ከኋላ ይነሳል።

መፍትሄው ማይኩን ማቅረብ ነው። ደረት ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካ። ሐብልና የነጠላ ጥለት እንዳይነካው። ማይክ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ላይ ድምፅ መቅጃ ከፍታችሁ የሰውየው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ክተቱ። ሲጀመር አንድ ጊዜ ካሜራው ፊት አጨብጭቡ፤ ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱን የምታገጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው።

ጃኩን፣ ማለትም የማይኩን መሰኪያ ጫፍ፣ እዩ። ደግሜ እላለሁ፣ ጃኩን እዩ። ሁለት ቀለበት ካለው ለካሜራ ነው፣ ሦስት ካለው ለስልክ። አንድ ጊዜ አራት ልጆች አዲስ ማይክ ገዝተው አቶቴ አካባቢ ሙሉ ቀን ኢንተርቪው ሠሩ። ማታ ሲከፍቱት እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ነገር ብቻ። ማይኩ ተበላሽቷል ብለው ሊጥሉት ነበር። ማይኩ ደህና ነው፤ ባለ ሦስት ቀለበቱን የስልክ ጃክ ካሜራ ላይ ሰክተውት ነው። ትንሽ መቀየሪያ ገመድ ያድነው ነበር። ሻጩም ይህን ሳይነግራቸው ነው የሸጠላቸው።

ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደው ከዓሣ አጥማጅ ጋር 40 ደቂቃ ያወሩ ልጆች ነበሩ። ሽማግሌው ቆሮሶና አምባዛ ስለሚባሉት ዓሣዎች፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሐይቁ ተናገሩ። ልጆቹ የመጡበት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ነፋሱ ተነስቷል። ቀረጻው ላይ "ፉፉፉ" ብቻ። አየሩ ራሱ የማይኩን ስስ ሽፋን ሲደበድበው እንዲህ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በኋላ በሶፍትዌር ማዳን አይቻልም። ሞክሬያለሁ፣ ሁለት ሌሊት። ከሽማግሌው ወሬ የተረፈን ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ማይኩ ላይ ያለችው ስፖንጅ ለቤት ውስጥ ትንፋሽ ናት፤ ለሐይቅ ዳር አትበቃም። ጸጉራም ልባስ ያስፈልጋል። ካላገኛችሁ ረጅም ጸጉር ካለው የሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ቁራጭ ቆርጣችሁ ልብስ ሰፊ ጋ አሰፉት፤ ይሠራል። የሰውየውን ጀርባ ለነፋሱ ስጡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በጠዋት መሄድ ነው።

ቤት ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ባዶ ግድግዳና ቆርቆሮ ድምፁን መልሶ ይወረውራል፤ ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከካሜራው እይታ ውጭ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ መፍትሄ የለውም፣ ጠብቁ። ካፌ ውስጥ ፍሪጁን አስነቅሉ። የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሳትሰኩት ወደ ቤት መሄድ አትችሉም። የሰው ምግብ አታበላሹ።

የሚቀዳውን የድምፅ መጠን በእጅ አስተካክሉ። ሰውየው ሲናገር ከፍተኛው ድምፅ ካሜራው በሚያሳየው የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይድረስ። ዜሮን ከነካ ይሰነጠቃል፣ አይጠገንም። ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ሲስቅ ወይም ሲቆጣ ይጮኻልና ቦታ ተዉለት።

ባለ ገመድ ሄድፎን አድርጉ፣ ቀረጻው እስኪያልቅ አታውልቁ። ብሉቱዝ ይዘገያል፣ አይሆንም። ካሜራችሁ የሄድፎን ቀዳዳ ከሌለው 10 ሰከንድ ቅረፁ፣ አጫውታችሁ ስሙ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ተማሪዎቹን "ሄድፎን ነበራችሁ?" ስላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ቦርሳ ውስጥ ነበር ይላሉ።

ከቦታው ሳትነሱ ሁሉም ሰው ዝም ይበልና 30 ሰከንድ የቦታውን ዝምታ ቅረፁ። ንግግር ስትቆርጡ የሚፈጠረውን ባዶ ቦታ የምትሞሉት በእሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ድምፁ ከከንፈሩ ጋር እየቆየ የሚለያይ ከሆነ፣ ስልኩ የፍሬሙን ብዛት እየቀያየረ ስለቀረፀ ነው። ኤዲቲንግ ከመጀመራችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀይሩት።