በሲቪላይዜሽን 6 ከሰላማዊ ግንባታ ወደ ወረራ እንዴት እንደሚዞሩ

በሲቪላይዜሽን 6 የኮምፒውተር ጨዋታ መቶ ዙር ያህል ከተማ ሲቆረቁሩና ነጋዴ ሲልኩ ቆይተው ድንገት ቀና ሲሉ ጎረቤትዎ በሳይንስ ጥሎዎት ሄዷል። በዚህ ጊዜ ብዙ ተጫዋች በየከተማው ወታደር ማሠልጠን ይጀምራል። ጦሩ ተሟልቶ እስኪወጣ ግን ዘመኑ ያልፍበታል። የሚያዋጣው በሰላም የተጠራቀመውን ሀብት በአንድ ጊዜ ወደ ጦር መለወጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ጨዋታውን የተቀላቀለችውን የዳግማዊ ምኒልክን ኢትዮጵያ እንውሰድ፤ ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለው ማስፋፊያ እንዳለዎት አስባለሁ። ይህች አገር የእምነት ነጥብ ታግበሰብሳለች፤ ብዙዎችም ነጥቡን በሙሉ ለሰባኪዎች ያውሉታል።

በመጀመሪያ የመንግሥት አደባባይ ይሥሩ። ንጉሣዊ አገዛዝን ወይም በዚያው ደረጃ ያለ ሌላ የመንግሥት ዓይነት ሲይዙ ከሚቀርቡት ሦስት ሕንፃዎች አንዱን ብቻ መምረጥ ይቻላል፤ ግራንድ ማስተርስ ቻፕልን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ እግረኛውንም ፈረሰኛውንም በእምነት ነጥብ ይገዛሉ፤ ከተሞችዎም የጀመሩትን ሥራ አያቋርጡም። እውነተኛው ምኒልክም ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በፊት ለዓመታት ጠመንጃ ሲገዙ ነበርና ነገሩ ለባሕርያቸው እንግዳ አይደለም።

ቀጥሎ የከተማ ቅጥር ማፍረሻ ያዘጋጁ። ድንጋይ ወንጫፊ የከበባ መሣሪያዎችን አስቀድመው በርካሽ ሠርተው ያቆዩ። ወደ መድፍ ለማሳደግ ወርቅና ናይተር (ለባሩድ የሚሆን ማዕድን) ያስፈልጋል፤ የማሳደጊያውን ወርቅ በግማሽ የሚቀንሰውን የመደበኛ ሠራዊት ፖሊሲ ካርድ ሳያስገቡ ግን እንዳይነኳቸው።

አሁን ጠላትን ያውግዙ። ከአምስት ዙር በኋላ መደበኛ ጦርነት ማወጅ ይቻላል፤ ይህም በድንገት ከመውረር ያነሰ ቂም ያተርፋል። አምስቱን ዙር ጦሩን ወደ ድንበር ለማስጠጋት ይጠቀሙበት። የሚቻል ከሆነ ኮረብታማውን መንገድ ይምረጡ፤ የምኒልክ ጦር ኮረብታ ላይ ሲቆም 4 ነጥብ ተጨማሪ የውጊያ ኃይል ያገኛል፣ የኦሮሞ ፈረሰኛም አቀበቱን እንደ ሜዳ ይጋልበዋል።

ከበባው ትዕግሥት ይጠይቃል። መድፍ በአንድ ዙር ተንቀሳቅሶ መተኮስ አይችልም፤ ስለዚህ ከተማዋ ቀድማ ትመታዋለች። አጠገቡ ታላቅ ጄኔራል ካለ ግን ተጨማሪ እርምጃ ስለሚሰጠው ተጠግቶ መተኮስ ይችላል። ፈረሰኞቹ በዚህ ጊዜ ከተማዋን ዙሪያዋን ይዝጉ፤ በሙሉ የተከበበች ከተማ ጉዳቷን መጠገን አትችልም። የመጨረሻውን ምት የሚሰነዝረውም ፈረሰኛ ወይም እግረኛ መሆን አለበት። እኔ አንድ ጊዜ አምስት መድፍ ብቻ ይዤ ዘምቼ ከተማዋን ዜሮ ካደረስኳት በኋላ በሯን የሚገባ አንድ ወታደር አጥቼ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ።

ብዙ ወረራ የሚከሽፈው ግን ከተማ ከተያዘ በኋላ ነው። በዘጠኝ እርምጃ ዙሪያ ያለው የጠላት ሕዝብ በተያዘችው ከተማ ላይ የታማኝነት ጫና ያሳድራል፤ ዝም ካሏት በጥቂት ዙር ታምፃለች። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ላለመሆን አስተዳዳሪ ይላኩ። ሌሎቹ ሥራ ለመጀመር አምስት ዙር ሲፈጅባቸው ቪክተር የተባለው አስተዳዳሪ በሦስት ይደርሳል። አንድ ክፍለ ጦር ውስጧ ያስቀምጡ፤ ጫናው እንዲቀልም አጠገቧ ያለችውን ትልቅ ከተማ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምቱ።

በወረራ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የተቀናቃኞችዎን ሁሉ የመጀመሪያ ዋና ከተማ መያዝ ነው፤ ሁሉንም ከተሞች ማጥፋት አይጠበቅብዎትም። በበረዶ ዳር የቀረችውን መንደር ለማሳደድ ዐሥር ዙር አያባክኑ፤ ጦሩ ቁስሉ ሲሽር መድፎቹን ወደሚቀጥለው ዋና ከተማ ያዙሩ።